«በለጠ» እና «ላቀ»

የትውልድ ቦታዬን ስጠየቅ «መካነ ኢየሱስ» ብዬ ስመልስ፣ አዲስ አበባ ላይ ብዙ ሰው ስለ ሃይማኖቴ የነገርሁት ይመስለዋል። ቶሎ ትዝ የምትለው በ1951 ዓ.ም. የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ናትና። እኔ የምለው ግን በደቡብ ጎንደር፣ በጉና ተራራ አካባቢ ያለችውን የእስቴን ከተማ ነው። ዛሬ ልጽፍ ያሰብሁት ስለ ከተማዋ ብቻ አይደለም፤ እዚያ ሳድግ በየቀኑ እሰማቸው ስለ ነበሩ ሁለት ግሦች ነው። ነገሩን የቀሰቀሰብኝ አንድ ስብሰባ ነው።

ባለፈው ሰሞን የተገኘሁበት የመምህራን ስብሰባ ከጧት እስከ ምሳ ሰዓት ስለ «ልህቀት» ሲነጋገር ዋለ። የልህቀት ማዕከል፣ የልህቀት ዕቅድ፣ የልህቀት መለኪያ። ከአጠገቤ የተቀመጠ የጂኦግራፊ መምህር ጎኔን ነካ አድርጎ «ለመሆኑ ልህቀት ማለት ከማን መብለጥ ነው?» ሲል በሹክሹክታ ጠየቀኝ። ለቀልድ ብሎ ነው የጠየቀው። እኔ ግን ከዚያች ቅጽበት በኋላ የተባለውን አልሰማሁም። ጥያቄው ውስጥ አንድ የተሳሳተ ነገር እንዳለ ታወቀኝ፤ ምን እንደ ሆነ ግን ወዲያው መናገር አልቻልሁም።

ሙያዬ ታሪክ እንጂ ቋንቋ አይደለም። የታሪክ ሰው ቃል ሲያጠራጥረው የሚጠጋው ወደ መዝገበ ቃላት ነው። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላትና በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደቀ መዝሙራቸው የደስታ ተክለ ወልድ የአማርኛ መዝገበ ቃላት በእንዲህ ያለ ጊዜ ከጠረጴዛዬ አይጠፉም። የነገሩ ሥር ይህ ነው፤ በግዕዝ «ልህቀ» ማለት አደገ፣ ጎለመሰ፣ ሸመገለ ማለት ነው። ሕፃን «ልህቀ» ሲባል አደገ ማለት ነው፤ ሰውን መብለጥ ገና አልመጣም። ከሁለት ወንድማማቾች ታላቁ «ዘይልህቅ» ይባላል፤ ቀድሞ ስላደገ።

አማርኛ ከግዕዝ የወረሳቸውን የጉሮሮ ድምፆች ሲጥል «መሐረ» ማረ፣ «ሰሐበ» ሳበ እንደ ሆነ ሁሉ «ልህቀ»ም ላቀ ሆነ። የዚህ ግስ ቤተሰብ እጅግ ሰፊ ነው። «ትልቅ» እና «ታላቅ» ከዚህ ናቸው። «ሊቅ» ከዚህ ነው፤ ዛሬ የተማረ ሰው እንለዋለን እንጂ መሠረቱ ሽማግሌ፣ የዕድሜና የማዕርግ ታላቅ ማለት ነው። ሊቀ ካህናት፣ ሊቀ ጠበብት፣ ሊቀ ሊቃውንት የሚሉት ማዕርጎች ሁሉ ከዚሁ ግንድ የተቀጠሉ ናቸው። በጦር ሜዳ የንጉሡን ልብስ ለብሶ፣ ንጉሡን መስሎ የጠላትን ጥይት ወደ ራሱ የሚስብ «ሊቀ መኳስ» የሚባል ባለሟልም ነበር፤ ይህ ሰው በሊቅነቱ ማንን ይበልጥ እንደ ነበር ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል። በደርግ ዘመን ደግሞ «ሊቀ መንበር» የሚለውን ቃል የማያውቅ ሕፃን እንኳ አልነበረም።

ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን «ይልቅ» የምትለው ትንሽ ቃል ናት። አማርኛ እንደ እንግሊዝኛ በቅጽል ጫፍ ላይ ፊደል ጨምሮ ማወዳደር አይችልም። «ከሻይ ይልቅ ቡና እወዳለሁ» ስንል፣ ሳናውቀው «ላቀ» የሚለውን ግስ እያረባን ነው፤ «ይልቅ» ማለት «የሚልቅ ሆኖ» ማለት ነውና። «ይበልጥ» የምትለውም እንዲሁ ከ«በለጠ» የወጣች ናት። በቀን ስንት ጊዜ አንዱን ከሌላው እንደምናስበልጥ ማወቅ የሚሻ ሰው እነዚህን ሁለት ቃላት ይቁጠር።

ወደ «በለጠ» ልምጣ። ይህ ግስ ጠባዩ ሌላ ነው። ሁልጊዜ ሁለት ሰው ይፈልጋል። «በለጠኝ»፣ «በለጥሁት»፣ «ይበልጣታል» ይባላል፤ የተበለጠው ሰው ከግሱ ጋር ተጣብቆ ይኖራል። ተደራጊም አለው፤ «ተበለጥሁ» የሚል ሰው ገበያ ላይ ተታልሎ፣ ወይም በሥራ ቦታ ተቀድሞ፣ ወይም በክርክር ተረትቶ ነው። «ተላቀ» ሲባል ግን በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ዛሬ «የላቀ» የሚለውን ሰው ስናገኝ በእርሱ መላቅ የተጎዳ ሌላ ሰው በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ መኖሩ ግዴታ አይደለም። በለጠ ያለ ተበላጭ አይቆምም። ላቀ ግን ብቻውንም ይቆማል። የጂኦግራፊው መምህር «ከማን?» ሲል የጠየቀው ስለ በለጠ ነበር። ስብሰባውም፣ በአፉ ልህቀት ይበል እንጂ፣ ቀኑን ሙሉ ያሰበው በለጠን ነው።

ከ«በለጠ» ቤት የሚወለዱትን እዩ። ብልጫ፣ ብልጠት፣ ብልጣ ብልጥ፣ መበላለጥ፣ አብላጫ። «ብልጥ» የሚለውን ከ«ብልኅ» ጋር የሚያምታቱ አሉ፤ ብልኅ ስለት ከሚል የግዕዝ ግስ ነው፣ አእምሮው የተሳለ ማለት። ብልጥ ግን ሌላውን መቅደም የሚችል ነው። አባቶቻችን ብልጥ ልጅ የሰጡትን ይዞ ያለቅሳል ሲሉ ልጁን እያደነቁት ይሁን እየወቀሱት መለየት ያስቸግራል፤ ሁለቱም ይመስለኛል። (በነገራችን ላይ «የበላይ» ከዚህ ቤት አይደለም፤ በ እና ላይ ተገጣጥመው የሠሩት ነው። «ብልጽግና»ም ቢመስልም አይደለም፤ ከባለጸጋ ጋር ነው የሚቆጠረው። የፓርቲውን ስም ከመብለጥ ጋር ለማያያዝ የሚሞክሩ ወዳጆቼ ሌላ ማስረጃ ይፈልጉ።)

በአገሬ ሰዎች ስም ውስጥ ሁለቱም ግሦች ሞልተዋል። በለጠ፣ ይበልጣል፣ ይልቃል፣ ላቀው። እኛ ዘንድ ስም ለልጁ ብቻ አይወጣም፤ ለጎረቤትም የሚላክ መልእክት ነው። ልጄ ከልጆቻችሁ ይበልጣል የሚል አባት ለጎረቤቱ የሚለው ነገር አለው።

ታሪካችን በየትኛው ግስ ሲኖር ቆየ ብዬ ከጠየቅሁ፣ ከጉና አናት ቁልቁል ማየት ብቻ ይበቃኛል። ተራራው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ በአንድ በኩል ደብረ ታቦር፣ በሌላ በኩል ጋይንት፣ በሌላው እስቴ አለ። የዘመነ መሳፍንት መናገሻ የነበረችው ደብረ ታቦር በ1834 ዓ.ም. ያየችው ውጊያ በታሪካችን ውስጥ ስለ መብለጥ የተጻፈ ያህል ነው። የሰሜንና የትግሬ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም፣ ከጎጃሙ ደጃዝማች ብሩ ጎሹ ጋር ሆኖ በራስ ዓሊ ላይ ዘመተ። ብዙ ጠመንጃ ነበረው፤ አዲስ የመጡት ጳጳስ አቡነ ሰላማም ከእርሱ ጎን ነበሩ። በዕለቱ ድል የውቤ ሆነ። ራስ ዓሊ ጦርነቱን እንደ ተሸነፈ አምኖ ሸሸ። ውቤም በድንኳኑ የድል ግብሩን አገባ። እዚያው ግብር ላይ እንዳለ፣ የራስ ዓሊ ወገን የሆነው ብሩ አሊጋዝ በድንገት ደርሶ ማረከው። የሸሸው ራስ ዓሊ ድል አድራጊ መሆኑን በወሬ ሰማ።

ይህን ታሪክ ሳስተምር ተማሪዎቼ ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። ግን ተከትሎ የመጣውን አስቡት። ማራኪው ብሩ አሊጋዝ በሚያዝያ 1845 ዓ.ም. በቋራው ካሳ ኃይሉ ጦር ፊት ወደቀ። ራስ ዓሊ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ አይሻል ላይ በዚሁ በካሳ ተሸነፈ። ውቤም በ1847 ዓ.ም. የካቲት ደረስጌ ላይ በካሳ እጅ ገባ። ካሳ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ፤ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ባለሙያዎችን ሰብስቦ መድፍ አሠራ፤ ትልቁን «ሴባስቶፖል»ን በ1860 ዓ.ም. ሰው እየጎተተው እስከ መቅደላ አደረሰው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ገባ። ካሳ ብዙዎቹን በለጠ፤ ናፒየር ካሳን በለጠ። ቴዎድሮስን የማከብረው ሌሎቹን ስለ በለጠ አይደለም፤ ከመብለጥ የሚያልፍ ነገር አስቦ ስለ ነበር ነው። ያን ነገር ሊያሳድግ ግን ጊዜም ዕድልም አላገኘም፤ ትዕግሥትም አልነበረውም።

ከ62 ዓመት በኋላ ተመሳሳይ ነገር በዚሁ አገር ሌላ ጠርዝ ተፈጸመ። የበጌምድር ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ባል ነበሩ፤ እርሳቸው ሲነግሡ ግን ከባለቤታቸው ተለይተው ወደ ግዛታቸው ተልከዋል። መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ንጉሥ ተባሉ። ጉግሣ በአዲስ አበባ እየሆነ ያለውን እንደ መበለጥ ቆጠሩት፤ ለራሳቸውም ለቀድሞ ባለቤታቸውም። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በበጌምድርና በወሎ አዋሳኝ በአንቺም ሜዳ ሁለቱ ጦሮች ተጋጠሙ። ከስምንት ወር በፊት ብቻ ወደ አገር የገባው አውሮፕላን አስቀድሞ ወረቀት በተነ፤ ወረቀቱ ከጉግሣ ጋር የሚሰለፍ የተወገዘ መሆኑን ይናገር ነበር። ከዚያ ቦምብ መጣ። ጉግሣ ሜዳው ላይ ወደቁ። በሁለተኛው ቀን ንግሥቲቱ አረፉ። ሲያስቡት፣ በአንድ ቀን ውስጥ በወረቀትም በብረትም ከሰማይ የተበለጠ የመጀመሪያው ጦራችን ይህ ሳይሆን አይቀርም። በልጅነቴ በአካባቢያችን ይህን ጦርነት የሚያወሩ ሽማግሌዎች የሚያነሡት ስለ ማን ትክክል ነበር ሳይሆን ስለ አውሮፕላኑ ድምፅ ነበር።

ሁለቱ ጦርነቶች ከተደረጉበት ከዚሁ ምድር ላይ፣ በዚያው ዘመን፣ ስለ መላቅ ፈጽሞ በሌላ መንገድ የሚያስብ ተቋም ነበር። አሁንም አለ። የቅዱስ ያሬድን ድጓ የሚማር ሰው ከየትም አገር ቢማር፣ መምህር ለመሆን የሚያስመሰክረው ጋይንት ቤተልሔም ነው። ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ ደግሞ ወደ ዙር አባ ይሄዳል። «ማስመስከር» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ፈተና አይደለም፤ ውድድርም አይደለም። የመጣው ሰው ስንተኛ ነህ ተብሎ አይጠየቅም። ያወቀውን ይዞ ይቀርባል፤ አዋቂዎች ያዳምጡታል፤ የጎደለው ካለ ተቀምጦ ይሞላል፤ ሞልቶ ሲገኝ ይመሰከርለታል። በእርሱ መመስከር ከቤተልሔም የሚባረር ሁለተኛ ሰው የለም። አሥር ሰው ቢሞላ አሥሩም ይመሰከርላቸዋል፤ ማንም ባይሞላ ማንም አይመሰከርለትም። ይህ «ልህቀ» ነው፤ ማደግ፣ መጎልመስ፣ ሊቅ መሆን።

የአብነት ትምህርት ቤት ገነት ነበር ማለቴ ግን አይደለም። ደበሎ ለብሶ ቁራሽ ሲለምን ውሻ ያልነከሰው የቆሎ ተማሪ ጥቂት ነው። ሴት ልጅ በዚያ ጉባኤ ቦታዋ እጅግ ጠባብ ነበር። ቅኔ ቤት ደግሞ ብልጠት በግልጽ የሚነግሥበት ነው፤ የተሰናከለውን ጓደኛ በአንድ ቃል ማሳቅ ሙያ ነው። ስለ ብልጠት ከተነሣ የፎገራውን አለቃ ገብረ ሐናን ማን ይረሳል? ግማሹ ሕዝብ ያልተናገሩትን ሁሉ በስማቸው ይናገራል። ነገር ግን የእኒህ ሰው ዋና ሥራ ቀልዳቸው አይመስለኝም። አዲስ የዝማሜ ስልት ደርሰው ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ። ስልቱ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በመላ አገሪቱ ተስፋፋ። ዛሬም «ተክሌ አቋቋም» ነው የሚባለው፤ በልጅ ስም። በነገር ማንም የማይበልጣቸው የተባሉት ሰው፣ ከሠሩት ሁሉ የሚልቀው ሥራ በልጃቸው ስም ሲጠራ ቀርቷል።

ወደ ዛሬ ስመለስ «ልሂቃን» የምትለዋ ቃል ትጠብቀኛለች። በእኛ ዘመን የፖለቲካ ጽሑፍ ያለ እርሷ አንድ አንቀጽ አይሄድም። የአማራ ልሂቃን፣ የኦሮሞ ልሂቃን፣ የከተማ ልሂቃን። በአብዛኛው የምትጠራውም ለወቀሳ ነው። የተተረጎመው ሐሳብ የውጭ ነው፤ ከሕዝብ በላይ የወጣ፣ ጥቂትና ብልጫ ያለው ቡድን ማለት። የተመረጠው ቃል ግን «ያደጉ፣ የጎለመሱ» ማለት ነው። ቃሉን ያመጡልን ሰዎች ይህን አስበው ይሁን አይሁን አይታወቅም። እኔ ግን በየምሽቱ በቴሌቪዥንና በዩቲዩብ የሚፋለሙትን ልሂቃኖቻችንን ሳይ፣ ማን ማንን በለጠ የሚለው ሁልጊዜ ይታወቀኛል፤ ማን አደገ የሚለውን ግን የምናገርበት መረጃ የለኝም። ለሥልጣናችንም ቢሆን ያው ነው። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በ82 ዓመታቸው ከዙፋን ወረዱ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሊቀ መንበሩ በአውሮፕላን ወጡ። ከመሪዎቻችን «በቃኝ» ብሎ በገዛ አፉ መልቀቂያ ያቀረበውን የሚፈልግ ሰው እስከ የካቲት 2010 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረበት።

የእኛ የመምህራን በደልም ትንሽ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ ነበሩ። አገሪቱ ደንግጣ ለሳምንት ተወያየች። ውይይቱን ስከታተል የሰማሁት የትኛው ትምህርት ቤት የትኛውን እንደ በለጠ፣ የትኛው ክልል ከየትኛው እንደ ተሻለ ነበር። ከመቶው 97 ያህሉ ያላደጉበት ዘመን ውስጥ ማን አንደኛ ወጣ ብሎ መጠየቅ ምን ይባላል? ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የተዘጋ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚበልጥም የሚበለጥም የለም። በዚህ ረገድ እኩልነት ሰፍኗል።

መካነ ኢየሱስ ታላቅ ወንድም አለኝ። በአራት ዓመት ይበልጠኛል። በአማርኛ ዕድሜንም በ«በለጠ» ነው የምንቆጥረው፤ ምናልባት ግሱ ማንንም ሳይጎዳ የሚነገርበት ቦታ ይህ ነው። አባታችን ሲያርፉ አንዳችን ማረስ ነበረብን። እርሱ ስድስተኛ ክፍል ላይ አቆመ፤ እኔ ቀጠልሁ። ዶክትሬቴን ይዤ አገር ቤት በሄድሁ ጊዜ ጎረቤቶች ተሰብስበው ቡና ሲጠጡ አንዲት እናት «እንግዲህ ታላቅህን በለጥኸው!» አሉኝ። ምርቃት መሆኑ ነው። አንገቴን ደፋሁ። ወንድሜ ከት ብሎ ሳቀና «በምን በለጠኝ? አራቱን ዓመት መቼ ደረሰብኝና!» አለ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን ያን ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በልጬው አልነበረም፤ በእርሱ ትከሻ ላይ ነበር ያደግሁት። ይህን የምናገርበት ቃል ግን ጎረቤቶቹም እኔም አልነበረንም።

በቅርቡ ስልክ ተደዋወልን። ሴት ልጁ ትምህርት ቤት ተዘግቶባት ከቆየች በኋላ እንደ ገና ጀምራለች። በመሀሉ የእኔን አሮጌ መጻሕፍት ከሣጥን አውጥታ ስታነብ፣ ለእርሱም ማታ ማታ ስታነብለት፣ በስልኩ መልእክት መጻፍ ስታስተምረው ነው የከረመችው። «ይቺ ልጅ እኮ በለጠችኝ!» አለኝ። ድምፁን አዳመጥሁት። ገበያ ላይ «ተበለጥሁ» የሚለው ሰው ድምፅ አልነበረበትም። እንዲህ ያለ ደስታ በድምፁ ውስጥ ከሰማሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ግሱ ያው «በለጠ» ነው፤ የተበለጠውም ሰው እንደ ወትሮው ከግሱ ጋር ተጣብቋል። ነገር ግን የበለጠችውን ያሳደጋት የተበለጠው ራሱ ነው።

ከዚያ ድንገት «አንተስ? ከተማሪዎችህ የበለጠህ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አሉ» አልሁት። ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልሁና ቆጠርሁ። ከ15 ዓመት የማስተማር ዘመኔ ውስጥ ሁለት ስም ብቻ መጣልኝ። አንደኛው ራሱ ያውቀዋል፤ ነግሬዋለሁ። ሁለተኛዋ የማስተርስ ጽሑፏን ስታቀርብ፣ እኔ ለዓመታት የተሳሳትሁበትን አንድ የዘመነ መሳፍንት ጉዳይ በጨዋነት አርማልኝ ነበር። በዚያ ቀን ውጤቷን በጥንቃቄ ዝቅ አድርጌ እንደ ሰጠኋት አስታወስሁ። ምክንያቴን ያኔ «የአጻጻፍ ጉድለት» ብዬው ነበር።

በማግሥቱ አድራሻዋን አፈላልጌ ደብዳቤ ጻፍሁላት። መልስ ገና አልመጣልኝም።